ጊዜ ፈራጅ አይደለም

ባለፈው ሰሞን ስለ ሙዚቃ ሂስ በተዘጋጀ አንድ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት ተናጋሪዎች አንዱ፣ ብዕራቸውን የማከብርላቸው አንጋፋ ሐያሲ፣ ከታዳሚው ለተነሣ ጥያቄ ሲመልሱ እንዲህ አሉ፦ «ሐያሲም ሰው ነው፤ ይሳሳታል። ቢሳሳት ግን የሚጎዳ ነገር የለም። ሥራው ጥሩ ከሆነ ጊዜ ያወጣዋል፤ መጥፎ ከሆነም ጊዜ ይቀብረዋል። ፈራጁ ጊዜ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አንዳንዴ እጅ ከጆሮ ቀድሞ ይስማማል።

ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ያጨበጨብኩበት እጅ ይከብደኝ ጀመር። ይህችን «ጊዜ ይፈርዳል» የምትባል አባባል እኔም አንድ ወቅት በጽሑፌ መዝጊያ ላይ አስፍሬያት ነበር። በማን ላይ እንዳሰፈርኳትም አልረሳሁም። ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ለአንጋፋው ሐያሲ መልስ ይሆናል ያልኩትን የሩቅ አገር ታሪክ ላውጋችሁ። ከሩቅ የምጀምረው የራስን ጉድ ከማየት የሰውን ጉድ ማየት ስለሚቀል ነው።

ከለንደን በስተምዕራብ ሬዲንግ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1989 ጥቂት ወጣቶች እዚያ ተሰባስበው ስሎውዳይቭ የተባለ የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። (ስለ ውጭ አገሩ ታሪክ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኛውን ዘፈን የሚደርሰው ጊታር ተጫዋቹ ኒል ሃልስቴድና አብራው የምታዜመው ሬቸል ጎስዌል ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ነበሩ። ሁለቱም ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም።

ሙዚቃቸውን ላልሰማ ሰው በቃል ማስረዳት ያስቸግራል፤ ቢሆንም ልሞክር። የጊታር ክር ሲመታ ድምፁ ይወለድና ወዲያው መክሰም ይጀምራል። እነዚህ ልጆች ድምፁን በእግር በሚረገጡ ትናንሽ የኤሌክትሮኒክ ሣጥኖች፣ ፔዳል በሚባሉት፣ ውስጥ ያሳልፉታል። ሣጥኑ ድምፁን ተቀብሎ እንደ ገደል ማሚቶ ደጋግሞ ይመልሰዋል። የተመለሰው ሳይከስም ሌላው ይደረብበታል፤ በዚያ ላይ ሌላ። በመጨረሻ የትኛው ጣት የትኛውን ክር እንደነካ መለየት ያቅታል፤ ድምፁ እንደ ደጋ ጉም ቤቱን ይሞላዋል። ዘፋኞቹም ከጉሙ ፊት ቆመው አያዙም፤ ከውስጡ ሆነው ነው የሚሰሙት። በዐቢይ ጾም የበገና ድርደራ ሲሰማ ያደገ አንባቢ ነገሩ ብዙም አይርቀውም። ያው ዜማ ከነንዝረቱ እየተመላለሰ ሲመጣ «ይህ ሰው ሌላ አያውቅም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ በገና ሰሚ አላየሁም። ዝግታ ባዶነት እንዳልሆነ እናውቃለንና።

የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጠኞች መጀመሪያ ላይ አጨበጨቡ። በዚያን ዘመን ሜሎዲ ሜከርና ኤንኤምኢ የሚባሉት ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጦች በወጣቱ ዘንድ የነበራቸው ሥልጣን ቀላል አልነበረም። ሳምንታዊ ጋዜጣ ደግሞ ሳምንት በመጣ ቁጥር አንዱን ማንገሥ፣ ሌላውን ማውረድ ይወዳል። የ1990ውን የስሎውዳይቭ የመጀመሪያ አጭር ሥራ አመሰገኑ። በ1991 «ጀስት ፎር ኤ ዴይ» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ነፋሱ መዞር ጀምሮ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሙዚቃ የሚጫወቱ ቡድኖች መድረክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ፔዳላቸውን ስለሚመለከቱ «ጫማ ተመልካቾች» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። አንዱ ቡድን የሌላውን ኮንሰርት እየሄደ ስለሚያይ ራሱን በራሱ የሚያሞግስ መንደር ተባሉ። የተደላደለ ኑሮ ካለበት ሰፈር የመጡ መሆናቸው ሳይቀር በክስነት ተቆጠረባቸው።

እስቲ ክሱን አንድ በአንድ አንሡና እዩት። አንዱ ስለ ጫማ ነው። ሌላው ስለ ጓደኛ ነው። ሦስተኛው ስለ አባት ኪስ ነው። ለመሆኑ ስለ ድምፁ የሚናገረው የትኛው ነው?

በ1993 «ሱቭላኪ» የተባለው ሁለተኛው አልበማቸው ወጣ። ሃልስቴድ አስቀድሞ ለብራያን ኢኖ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ኢኖ ድምፅን እንደ አየር፣ እንደ ክፍል ውስጥ ብርሃን አድርጎ በመቀመር ስሙ የታወቀ ሙዚቀኛ ነው። አልበሙን ፕሮዲውስ ለማድረግ ባይፈቅድም ከልጆቹ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ በሁለት ዘፈኖች ተሳተፈ። ጊታርን ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር የማዋሐዱ ሥራ ከዚያ ጀምሮ ይበልጥ ግልጽ እየሆነ መጣ። የሜሎዲ ሜከር ሐያሲ ግን አልበሙ ነፍስ የሌለው ባዶ ነገር ነው ብሎ ፈረደ። ዳግመኛ ከምሰማው ገንፎ በሞላ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ታንቄ ብሞት እመርጣለሁ ሲልም አከለበት። ገንፎ በእኛ አገር የአራስ ቤት ምግብ ነው፤ የሰውዬውን ምርጫ ለሱ ልተወው። የማኒክ ስትሪት ፕሪቸርስ ቡድን አባል የነበረ አንድ ሙዚቀኛ ደግሞ ከሂትለር ይበልጥ የምንጠላው ስሎውዳይቭን ነው እስከ ማለት ደረሰ። ይህ ሁሉ የተባለው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለነበሩ፣ ጊታር ከመምታት ሌላ በማንም ላይ እጃቸውን ስላላነሡ ልጆች ነው።

ሃልስቴድ ግን ወደፊት ገፋ። የአዳዲስ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞችን ሥራ አብዝቶ ይሰማ ነበር። ሳምፕለር በሚባለው መሣሪያ፣ ማለትም የተቀዳን ድምፅ ቆርጦ እያዟዟረ በሚያጫውተው፣ መሥራት ያዘ። በየካቲት 1995 የወጣው «ፒግማሊየን» የተባለው ሦስተኛ አልበም የዚህ ውጤት ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ብቻውን አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ከበሮው ብዙ ጊዜ የለም፤ ጊታሩ ጥቂት ነጥብ ጥሎ ይሄዳል፤ የሰው ድምፅ ተቆርጦ እንደ መቁጠሪያ ይመላለሳል። ከባድ አልበም ነው። ያልወደደው ሰው ጆሮ የለውም አልልም። ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ብቻዬን በጆሮ ማዳመጫ እስክሰማው ድረስ ለእኔም አልገባኝም ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ሙዚቃቸውን ያሳትምላቸው የነበረው ክሪኤሽን የተባለው ኩባንያ በ1992 ከአክሲዮኑ 49 በመቶውን ለሶኒ ሸጧል። በ1993 ኦዌሲስን አስፈርሞ በ1994 የመጀመሪያ አልበማቸውን አውጥቷል፤ ገንዘቡም ዝናውም በዚያ በኩል መጣ። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ጉም ለማን ይሸጣል? «ፒግማሊየን» በወጣ ሰሞን ኩባንያው ስሎውዳይቭን አሰናበተ፤ ቡድኑም ተበተነ። ሃልስቴድና ጎስዌል ሞሃቬ 3 የተባለ ሌላ ቡድን አቋቁመው ጸጥ ባለ፣ ለገጠር ዘፈን በቀረበ ጊታር ቀጠሉ። በ«ፒግማሊየን» የተጀመረው መንገድ ግን እዚያው ላይ ሣር በቀለበት።

ያባረራቸው ነጋዴው እንጂ ሐያሲው አይደለም የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ነጋዴው ነው። ነገር ግን ነጋዴ ፈሪ ፍጡር ነው፤ ሰው የሚስቅበትን ዕቃ መደርደሪያው ላይ አያቆይም። ሳቁን ማን አመጣው?

አሁን ወደ አንጋፋው ሐያሲ ክርክር እንምጣ። የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ቢሰሙ «ይኸው፣ ጊዜ ፈረደ!» እንደሚሉ አልጠራጠርም። በ2002 በርሊን የሚገኝ ሞር ሙዚክ የተባለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አሳታሚ፣ ኡልሪክ ሽናውስን የመሰሉ ሙዚቀኞች የስሎውዳይቭን ዘፈኖች በራሳቸው መንገድ የተጫወቱበትን አልበም አወጣ። በ2014 አምስቱም አባላት ከ19 ዓመት በኋላ ተሰባስበው ባርሴሎና በሚካሄደው የፕሪማቬራ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ቆሙ። በ2017 በቡድኑ ስም የተጠራ አዲስ አልበም አወጡ። ከሃልስቴድ የኤሌክትሮኒክ ሙከራዎች ተነሥቶ የተሠራው «ኤቭሪቲንግ ኢዝ አላይቭ» ደግሞ በመስከረም 2023 ወጥቶ በእንግሊዝ የአልበሞች ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገባ። «ፒግማሊየን» በወጣበት ዓመት ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ ዘፈኖቻቸውን በቲክቶክ ይቀባበላሉ። ሜሎዲ ሜከርስ? በ2000 መታተሙን አቆመ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔንም ለረጅም ጊዜ ደስ ሲለኝ ኖሯል። ችግሩ የሐሰት መጽናኛ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ፣ ጊዜ ምንም አላደረገም። ጊዜ እጅ የለውም። ያደረጉት ሰዎች ናቸው። ዲስኩን ያልጣለው ነው ያደረገው፤ ለጓደኛው ገልብጦ የሰጠው ነው ያደረገው፤ በርሊን ላይ ቁጭ ብሎ «ይህ የተናቀ ነገር አስተማሪዬ ነበር» ያለው ነው ያደረገው። ሐያሲው ያልሠራውን ሥራ ያለ ደመወዝ የሠሩት እነሱ ናቸው። ምስጋናው ለጊዜ ሲሰጥ የእነሱ ድካም ይሰረዛል፤ የሐያሲውም ጥፋት አብሮ ይሰረዛል። ለዚህ ነው አባባሉ በሐያሲያን ዘንድ እንዲህ የተወደደው።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር ይኸውላችሁ። ጊዜ ሊያወጣ የሚችለው ተሠርቶ ያለቀን ሥራ ብቻ ነው። ከሦስተኛው አልበም እስከ አራተኛው 22 ዓመት አለ። በ1997 ሊወጣ የሚችለው አልበም፣ በ2000 ሊወጣ የሚችለው አልበም የት ነው ያለው? በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ ብቻ የሚደፈር ድፍረት አለ፤ በአርባ ስድስት ዓመት ተመልሶ አይመጣም። ጊዜ እነዚያን አልበሞች አቧራቸውን አራግፎ ሊያወጣቸው አይችልም፤ አልተሠሩማ! ያልተቀዳን ካሴት የሚያገኝ ሰብሳቢ የለም።

ካሴት ካልኩ ከራሳችን ሰው አንድ ምሳሌ ልጨምር። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። የልጅነቱን የአኮርዲዮን ድምፅ በዘመኑ ማሽን ላይ ያንሳፈፈበት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዚያው በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቱን አግኝቶ በ2013 ዳግም አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። እሰየው! ግን እስቲ አስቡት፤ ያ ሰው ያን ቀን ባሕር ዳር ካሴት ቤት ባይገባስ? ዝናብ ቢይዘውስ? አንድ የጥበብ ሰው ወደ ሥራው መመለሱ በአንድ መንገደኛ እግር ላይ ሲንጠለጠል «ጊዜ ፈረደ» እንላለን? እኔ ይህን ዕድል እንጂ ፍርድ አልለውም።

ከዚህ በላይ በሰው ታሪክ መሸሸግ አልችልም።

የስሎውዳይቭን ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማሁት በ2006 ዓ.ም. ነው። ወደ መድረክ በተመለሱበት ሰሞን አንድ ወዳጄ በፍላሽ ሰጠኝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ እዚህም እዚያም የምጽፍበት ጊዜ ነበር። ታሪካቸውን አነበብኩ፤ ስለ ገንፎው አነበብኩ፤ ተናደድኩ። «ደግነቱ እኔ እንዲህ ዓይነት ሐያሲ አልሆንም» አልኩ።

በ2008 ዓ.ም. ሦስት የአዲስ አበባ ልጆች አምስት ዘፈን ያለበት ሲዲ በእጃቸው አምጥተው ሰጡኝ። አንዱ ጊታር ይጫወታል፣ አንዱ በላፕቶፕ ድምፅ ያቀናብራል፣ አንዲት ልጅ ታዜማለች። የጽሑፌ ማስረከቢያ ቀን ደርሶ ነበር። የመጀመሪያውን ዘፈን ሰማሁ፤ የሁለተኛውን ግማሽ ሰማሁ፤ ከዚያ አንዲት ቀልድ መጣችልኝ። ቀልድ ስትመጣ ደግሞ ጆሮ ይዘጋል። ሙዚቃቸውን «የፍሪጅና የጊታር ሰርግ» አልኩት። ግማሽ ገጽ ሞላሁ። ማሽን ነፍስ የለውም ብዬ አስተማርኳቸው። መዝጊያዬ ላይ «ለሁሉም ጊዜ ይፍረደው» ብዬ ፈረምኩ። ቀልዷ ተወደደች፤ አንድ የኤፍኤም አቅራቢ በሬዲዮ ደገማት። ጎረምሳ ሐያሲ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ለእንግሊዞቹ የተቆረቆርኩትን ሩቡን ያህል ለሰፈሬ ልጆች አልተቆረቆርኩም። ሩቅ ላለ ሰው ፍትሕ መመኘት ምንም አያስወጣም።

ከሁለት ዓመት በፊት የስልኬ ስክሪን ተሰንጥቆ መገናኛ ወዳለ አንድ የጥገና ቤት ገባሁ። ጠጋኙ ስልኩን ተቀብሎ በወረቀት ላይ ስሜን ከነአባቴ ሲጽፍ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው ነህ?»

ነኝ አልኩት፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

«የፍሪጁ ሰርግ» አለ ፈገግ ብሎ። «ጊታሩን የምጫወተው እኔ ነበርኩ።»

የምለው ጠፋኝ። እሱ ግን የተቆጣ አይመስልም ነበር። ስልኬን እየፈታ «አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ» አለ። «አራተኛውን ሰምተኸው ነበር?»

«አልሰማሁትም።»

«ጠርጥሬ ነበር። ስለሱ ምንም አላልክማ። እሱን ሰምተህ ብትሰድበን ምንም አልነበረም።»

ቡድኑ የፈረሰው በእኔ ብዕር ነው ብዬ አልኮፈስም፤ ወጣቶች በብዙ ምክንያት ይበተናሉ። ነገር ግን ለሁለተኛው ሥራ የስቱዲዮ ኪራይ ሊከፍልላቸው ቃል የገባ የልጅቷ አጎት ጽሑፌን አንብቦ ሐሳቡን እንደለወጠ ጠጋኙ ነገረኝ። ስክሪኑን ቀየረልኝ። ሂሳቡን አልቀነሰልኝም፤ አልጨመረብኝምም።

ቤቴ ገብቼ ሲዲውን ሳጥን ለሳጥን ፈለግሁት። አገኘሁት። አራተኛውን ዘፈን ከስምንት ዓመት በኋላ ሰማሁት። ድንቅ ሥራ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ቀረጻው ደካማ ነው፤ መግቢያው ይረዝማል። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ከበሮው ይጠፋና የልጅቷ ድምፅ በላፕቶፑ ተቆርጦ መመላለስ ይጀምራል። ጊታሩ ትዝታን ለመጫወት አስቦ የተወው ይመስላል፤ አንድ ደረጃ ይነካል፣ ዝም ይላል፣ ይነካል። አንዲት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚያች ደቂቃ ግን አንድ ሙሉ አልበም ሊወጣ ይችል እንደነበር ለመስማት ትልቅ ሐያሲ መሆን አያስፈልግም ነበር። እስከዚያ ድረስ መስማት ብቻ ይበቃ ነበር።

እንግዲህ ጋሼ፣ መልሴ ይህ ነው። ሐያሲ መጥፎውን መጥፎ አይበል አላልኩም። ልምጥምጥ ሂስ እኔም አልወድም፤ የምናውቀውን ሁሉ ማሞገስ ሌላው በሽታችን ነው። አልወደድኩትም ማለት መብት ነው፤ አይረባም ማለትም ምክንያቱ ከቀረበ መብት ነው። ሳይሰሙ መፍረድ ግን መብት አይደለም። የተሰማውን ድምፅ ትቶ ስለ ጫማ መጻፍ፣ ስለ ፍሪጅ መጻፍ ሂስ አይደለም። ሳይሰሙ ፈርደው ሲያበቁ ፍርዱን ለጊዜ ማሸከም ደግሞ የባሰ ነው። የፈረድነው እኛ ነን፤ ስማችን ከጽሑፉ በላይ ታትሟል። ስንሳሳት ማረሚያውም በዚያው ስም ሊወጣ ይገባል።

የእኔ ማረሚያ ይህ ነው። በ2008 ዓ.ም. አምስት ዘፈን ባለው አንድ ሲዲ ላይ የጻፍኩት ሂስ አንድ ተኩል ዘፈን ሰምቼ የጻፍኩት ነው። አራተኛውን አልሰማሁትም ነበር። ይቅርታ የምጠይቀው ስላልወደድኩት ሳይሆን ስላልሰማሁት ነው።

ጠጋኙን ባለፈው ወር ደግሜ አግኝቼው ነበር። ጊታሩን ሸጦታል። ልጅቷ አገር ለቃ ሄዳለች። «አራተኛውን ሰማሁት» አልኩት። ሥራውን ሳያቋርጥ ራሱን ነቀነቀና «መጨረሻውን?» አለኝ።

«መጨረሻውን» አልኩት።